ሳይሞከር የተቆለፈበት ቅጂ

አንድ ሰው ነበረ። ጠንቃቃ ሰው ነበረ። ዕቃ ከእጁ ወድቆ አያውቅም፤ የያዘውን ቁልፍ ጥሎ አያውቅም፤ በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መዘጋቱን ሳያረጋግጥ ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚሠራው በአንዲት የደጋ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ በሚታተምባት ጠባብ ክፍል ነበር። የዚህን ሰው ነገር የማነሳው ሐሜት አምሮኝ አይደለም። ስለጠየቅሽኝ ነው፣ ፋንቱ።

የጠየቅሽኝን ልድገመው፤ ተሳስቼ ሰምቼሽ እንደሆነ ታርሚኛለሽ። «አሥራ ስምንት ዓመት ካዋለድኩበት ጤና ጣቢያ በሚቀጥለው ወር እለቃለሁ። ለምትተካኝ ልጅ የማውቀውን ሁሉ በደብተር ጽፌ ሰጥቻታለሁ። አንብባዋለች፤ የጠየቅኋትን ሁሉ ትመልሳለች። አሁን በሰላም ብሄድ ጥፋት ይሆንብኛል ወይ?» ነው ያልሽኝ። ይሆንብሻል፣ አይሆንብሽም ብዬ ከመመለሴ በፊት ይህን ስሚ። በዓይኔ ያየሁት ነው። በዚያን ጊዜ እኔ በዚያችው ከተማ ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ነበር።

ያቺ ክፍል ከመከፈቷ በፊት በትምህርት ቤቱ የነበሩት ዓይነ ስውራን ልጆች የሚያጠኑት በሰው ፈቃድ ነበር። መጽሐፉን ታቅፈው የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጓደኛቸው ደስ ካለው ያነብላቸዋል፤ ካልሆነለት «ነገ» ብሏቸው ይሄዳል። ነገ ደግሞ የነገ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የርዳታ ድርጅት ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተርና ትልቅ የብሬል ማተሚያ ሰጠ። ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን ማተሚያው በወፍራም ወረቀት ላይ ወደ ነጠብጣብ ይለውጠዋል፤ ልጆቹም በጣታቸው እየዳሰሱ ያነቡታል። ማተሚያው ሲሠራ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር። ያ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹ ከየክፍላቸው እየወጡ በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። «ዛሬ የምንድን ነው? የታሪክ ነው? የማን ክፍል ነው?» ይላሉ። ወረቀቱ ሲወጣ ገና ትኩስ ነው ብለው ይቀልዱ ነበር።

ከኮምፒውተሩ ጋር ሦስት ዲስኮች፣ እነዚያ ክብ ሲዲዎች፣ አብረው መጡ። የእነሱን ነገር በደንብ ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነውና። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ የሚባል ክፍል አለው። እሱ ከተበላሸ በአዲስ ይተካል፤ አዲሱ ግን ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ኮምፒውተሩን ብታበሪው ምን መሥራት እንዳለበት አያውቅም። ያን ጊዜ ከሦስቱ ዲስኮች የመጀመሪያውን ታስገቢያለሽ። ኮምፒውተሩ ከዚያ ዲስክ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ ሦስቱ ተራ በተራ ገብተው መጀመሪያ እንደነበረ አድርገው ይመልሱታል። የብሬሉ ፕሮግራምም ያለው እነዚያ ዲስኮች ውስጥ ነበር። ለብቻው አይጫንም፤ ገበያ ወጥተሽም አታገኚውም።

ዕቃውን የተከለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር። ሊሄድ ሲል ሰውየውን ጠርቶ እንዲህ አለው፦

«እነዚህ ዲስኮች አንድ ቀን ይጫራሉ፣ ወይም ይሰበራሉ። ስለዚህ ቅጂ ይሥሩላቸው። ሲሠሩ ግን ዲስኩን እንዳለ በሙሉ ነው የሚቀዱት፤ ፋይሎቹን ብቻ መርጠው እንዳይወስዱ። ሲጨርሱ ቅጂውን ያስገቡና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት። ከቅጂው ላይ ከተነሳ ቅጂ አለዎት። ካልተነሳ የለዎትም።»

ሰውየው «እሺ» አለ። የሰማው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ነበር። ቅጂ ሥራ የሚለውን ሰማ። የቀረው በጆሮው አልፎ ሄደ፤ መኪናው ውጭ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ ነበር፣ ዳይሬክተሩም ለሽኝት እየተጣደፉ ነበር።

በሳምንቱ ሦስት ባዶ ዲስክ ገዝቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ዲስክ ከፈተው፤ በውስጡ ያሉት ፋይሎች ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ሁሉንም መርጦ ወደ ባዶው ገለበጣቸው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ የሌላ ሰው ትዕግሥት የማይችለውን ሠራ፤ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን ከፍቶ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ አመሳከረ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። አንድም አልጎደለም። በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ «ቅጂ» ብሎ ጻፈባቸው፣ በጨርቅ ጠቀለላቸውና ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

የክፍሏ ኃላፊ መምህርት አስካለ ይባላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ድምፅ ሰምተው ጠየቁት።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ፣ መምህርት።»

«ኮምፒውተሩ ከቅጂው ላይ ይነሳል?»

«አንድም ፋይል አልጎደለም። ስሙን ሁሉ አመሳክሬ ነው የቆለፍኩት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። ያ ዕቃውን የተከለው ልጅ ሞክሩት ብሎ አልነበር?»

«ደህና የሚሠራን ነገር ለምን እነካካዋለሁ? ነካክቼ ባጠፋውስ? ልጆቹን ምን እላቸዋለሁ?» አለ።

መምህርት አስካለም አላጨናነቁትም። ስለ ኮምፒውተሩ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም።

ፍርሃቱ ክፉ ፍርሃት አልነበረም፣ ፋንቱ። ለልጆቹ ብሎ ነው የፈራው። ግን መሞከሩ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነበር። ዲስኩን አስገብቶ፣ ኮምፒውተሩ መነሳት ሲጀምር አይቶ፣ ዲስኩን መልሶ ማውጣት ነው። እዚያ ላይ ከቆመ ምንም አይጠፋም። ይህን አላወቀም፤ ያላወቀውንም አልጠየቀም። እኔም ብሆን ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ማተሚያውን ላይለት ሄጄ ነበር። ቁምሳጥኑን ከፍቶ ቅጂዎቹን አሳየኝ። ጨርቁን ሲፈታ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ጎበዝ» ብዬው ወጣሁ። ሞክረሃቸዋል ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። አንድ ጥያቄ ነበር፤ አፌ ላይ አልመጣም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ክፍሏ ሥራ አላቋረጠችም። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ማንበብ ለመዱ። ከእነሱ መካከል ዙሪያሽ የምትባል ልጅ ነበረች፣ አክስቷ ዘንድ ያደገች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሌላው ገና መስመሩን ሳያገኝ እሷ ገጹን ጨርሳ ታገላብጣለች። ዳኛ መሆን ነበር የምትፈልገው። ሰውየው አዲስ ምዕራፍ ባተመ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰጣት ለእሷ ነበር፤ ስሕተት ካለበት ታገኝለታለችና። «ጋሼ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ተውጧል» ትለዋለች። እሱም ሄዶ ያርማል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ በሌላ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ችግር ገጠመው። ያው ድርጅት ያንኑ ዓይነት ኮምፒውተር ለእነሱም ሰጥቷቸው ነበር፤ የእነሱ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ፣ ዲስኮቻቸውም ቢሮ ሲቀየር የት እንደገቡ አልታወቀም። ድርጅቱ ደግሞ ሥራውን ዘግቶ ከአገር ወጥቷል። ዲስኮቹን እንዲያውሷቸው ለመኑ።

እሱ አላመነታም። የእኔ ተማሪዎች፣ የእነሱ ተማሪዎች አላለም። ሦስቱን ዋና ዲስኮች በፖስታ አሽጎ በአውቶቡስ ላከላቸው። በአራተኛው ቀን የዚያ ትምህርት ቤት ባለሙያ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ተነሥቶልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ዲስኮቹን ከመመለሴ በፊት ለእኛም ቅጂ ልሥራ? ባዶ ዲስክ ነገ ይደርሰኛል።»

«አይ፣ አትቸገሪ» አላት። «እኔ ጋ ሙሉ ቅጂ አለ። በፈለጋችሁ ጊዜ ከዚህ እልክልሻለሁ። ዋናዎቹን ብቻ ቶሎ መልሺልኝ።»

ዲስኮቹ ተመለሱ። አውቶቡሱ ላይ ከባድ ጭነት ተጭኖባቸው ኖሮ የመጀመሪያው ዲስክ ከመሃሉ እስከ ዳሩ ተሰንጥቆ ነበር። ወጣቷ ባለሙያ ስትሰማ በስልክ አለቀሰች። እሱ አጽናናት። «ዕቃ ነው፣ ይሰበራል። ቅጂው አለ አላልኩሽም?» አላት። በግቢው ሁሉ ስለ ቅንነቱ ተወራ። እውነትም ቅን ነበር።

በመጋቢት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሄደና በኃይል ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሲያበሩት ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማል። ሃርድ ዲስኩ ነበር የሄደው። ሰውየው አልደነገጠም። ለዚህ ቀን ነበርና የተዘጋጀው። አዲስ ሃርድ ዲስክ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ በሳምንት ውስጥ ገጠመው። ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል፤ መምህርት አስካለ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቁምሳጥኑን ከፈተ፣ ጨርቁን ፈታ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አስገብቶ አበራው።

ስክሪኑ ጠቆረ። በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ጥፍት ትላለች። ከሥሯ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚናገር አንድ የእንግሊዝኛ መስመር አለ።

አጥፍቶ አበራው። ያው ነው። ዲስኩን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አስገባው። ያው ነው።

«ተነሳ?» አሉ መምህርት አስካለ።

እሱ ወደ እኔ ሰው ላከ።

ስደርስ ነገሩን ወዲያው አወቅሁት። መንገሩ ግን ከበደኝ። «ዲስኩ ላይ ፋይል ሆኖ የማይታይ ነገር አለ» አልኩት። «ስም የለውም፣ ከተደረደሩት ጋር አይደረደርም። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። አንተ የቀዳኸው ስም ያለውን ብቻ ነው።»

«አንድም አልጎደለም እኮ» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ሆኖ ነበር። «አንድ በአንድ አመሳክሬያለሁ።»

«አዎ። የምታየው አልጎደለም።»

የተሰነጠቀውን ዋና ዲስክ አመጣልኝ። ማንበቢያው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ዞረና ቆመ። ሦስት ቀን ታገልኩ። ከሌላ ዲስክ መነሻ ወስጄ ከቅጂው ጋር ላጋባው ሞከርኩ፤ ይነሳና መሃል ላይ ይቆማል። እጅ ሰጠሁ። የሚያበሳጨው ደግሞ መጽሐፎቹ አልጠፉም ነበር። መምህርት አስካለ የተጻፈውን ሁሉ በፍላሽ አስቀምጠውታል። የታሪኩ፣ የጂኦግራፊው፣ የኢኮኖሚክሱ ሁለተኛ አጋማሽ በሙሉ፣ አንድም ገጽ ሳይጎድል እዚያ አለ። ወደ ነጥብ የሚለውጠው ፕሮግራም ብቻ ነው የጠፋው።

መምህርት አስካለ ነግሬህ ነበር አላሉትም። «ፈተናው ስንት ሳምንት ቀረው?» ብቻ አሉ።

«አሥር» አለ ሰውየው።

ወደዚያች ወጣት ባለሙያ ደወለ። ቅጂ አልነበራትም፤ አትቸገሪ ብሏት የለ? የቀረው መንገድ አንድ ነበር። የእነሱን ኮምፒውተር ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን በሙሉ መቅዳት። ተነሥቶ ሄደ። የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በጥሩ አቀባበል አስተናገዱት፤ ነገር ግን «አይሆንም» አሉት።

«እኔም አሥራ አንድ ተፈታኝ አለኝ፤ የእርስዎን መጽሐፍ እዚህ እንዳላትምልዎት፣ ማተሚያው ቀንና ሌሊት እየሠራ ለእነሱም አልደረሰም። ማሽኑ አሁን ቢቆምብኝ የሚያነሳልኝ ዲስክ በዓለም ላይ የለም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈተናው ይለፍ፣ የፈለጉትን ያድርጉ።»

ምን ይበላቸው? እውነታቸውን ነው። ከግቢው ሲወጣ ማተሚያቸው ሲሠራ ሰማው። ያ የበረዶ ድምፅ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ ብሎኛል።

በእሱ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተኑ ስድስት ዓይነ ስውራን ነበሩ። መጽሐፎቻቸው እስከ ግማሽ ታትመዋል፤ ግማሹ አልታተመም። ልጆቹ እንደ ድሮው መጽሐፍ ታቅፈው አንባቢ ፍለጋ ወጡ። ዙሪያሽ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ትቆም ነበር። የእግር ድምፅ ስትሰማ «ይቅርታ፣ ሁለት ገጽ ብቻ ያነቡልኛል?» ትላለች። የሚያነብላት አለ፤ አልፎ የሚሄድም አለ። ሰውየው አንድ ቀን ከሩቅ ቆሞ አያት። የሄደበትን ትቶ ወደ ማተሚያ ክፍሉ ተመለሰና በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ምን እንዳደረገ ማንም አላየም።

በማግሥቱ ስድስቱን ሰበሰባቸው። «እኔ አነብላችኋለሁ» አለ።

ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ ያነብላቸው ጀመር። ነገር ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። የእሱ እንግሊዝኛ የኮምፒውተር ቁልፍ ስም ከማወቅ አያልፍም። ኢኮኖሚክሱን ሲያነብ ቃላቱ አፉ ውስጥ ተሰባብረው ይወጣሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ እንደተሸማቀቀ ገባቸውና ዝም አሉ። ዙሪያሽ ናት መላውን ያገኘችው።

«ጋሼ፣ ቃሉን ለማንበብ አይልፉ። ፊደሎቹን ብቻ በየተራ ይጥሩልን፤ እኛ እንገጣጥመዋለን።»

እንዲህ ሆነ። እሱ ፊደል ይጠራል፤ ስድስቱ ይገጣጥማሉ፣ ቃሉን ያወጣሉ፣ በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና በስታይለስ፣ በዚያ በእጅ መውጊያ፣ ወረቀታቸው ላይ ይወጉታል። አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ማተሚያው ያንን ገጽ በአንድ ደቂቃ ነበር የሚያወጣው። ጉሮሮው ተዘጋ፤ ሎሚ እየመጠጠ ቀጠለ። ሌሎች መምህራንም አዘኑላቸውና እየመጡ ያግዙ ጀመር። ቢሆንም ቀኑ ቀድሟቸው ሄደ። ፈተናው ሲደርስ ከቀረው ግማሽ ውስጥ ግማሹን እንኳ አልጨረሱም ነበር።

ከስድስቱ ሁለቱ አለፉ። ዙሪያሽ በጥቂት ነጥብ ወደቀች።

ሰውየው ውጤቱን ከሰሌዳው ላይ ያነበበላት ራሱ ነው። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት። «የሳትሽው ጥያቄ ካልደረስንበት ምዕራፍ ነበር?» አላት።

«አላስታውስም፣ ጋሼ» አለችው።

ታስታውስ ነበር። ለመምህርት አስካለ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ነግራቸዋለች። ለእሱ ግን አልነገረችውም። እሱም እንደምታስታውስ ገብቶታል። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ቃሉ ግን በምን ይጀመራል? «ዙሪያሽ፣ እኔ...» ብሎ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ይህን ያለችው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ግድየለሽ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እናደድብዎት ነበር። እርስዎ ግን እንደዚያ አይደሉም። ታዲያ በማን ልናደድ?»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በሐምሌ የዚያኛው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቃላቸውን ጠበቁ። እኔና ያቺ ወጣት ባለሙያ የእነሱን ሃርድ ዲስክ ቀዳን፤ ይዤው መጣሁና ገጠምነው። ኮምፒውተሩ ከምሳ በፊት ተነሳ። ሰውየው መጀመሪያ ያተመው የኢኮኖሚክሱን ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ማተሚያው ያንን ድምፁን እያሰማ ሠራ፤ በር ላይ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል።

በዚያው ቀን አዲስ ማስነሻ ዲስክ ሠራን፤ ከነማይታየው፣ እንዳለ በሙሉ። እሱ ራሱ አስገባው፣ አጥፍቶ አበራው። ከዲስኩ ላይ ተነሳ። «ተነሳ፣ መምህርት» አለ።

መምህርት አስካለ «ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ብለው ጠየቁት።

ሰዓቱን አየ። «አራት» አለ።



ዙሪያሽ በዓመቱ ድጋሚ ልትፈተን አስባ ነበር። አክስቷ ታመሙና እሳቸውን ለማስታመም ወደ ገጠር ተመለሰች። ዛሬ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስልክ ታነሳለች፤ ሰው ያከብራታል፣ ድምፅዋን የሚያውቅ ሁሉ ይወዳታል። መጥፎ ሕይወት ነው አልልሽም። የተመኘችው ግን እሱን አልነበረም። ሰውየውም ጡረታ እስኪወጣ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሠራ። ዲስኮቹን በየሦስት ወሩ እያስገባ ይሞክራቸው ነበር። ሰዎች ቀለል አድርገው «አበዛኸው» ሲሉት ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ከዓይኑ አይደርስም ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው ነው። ወደ አንቺ ልመለስ።

ደብተርሽን አይቼዋለሁ፣ ፋንቱ። ያማረ ደብተር ነው። ምጥ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ፣ ደም ሲፈስ ምን እንደሚቀድም፣ ሪፈር መቼ እንደሚጻፍ፣ አምቡላንስ ሲዘገይ ለማን እንደሚደወል፤ አንድም አልጎደለም። ልጅቷም አንብባዋለች፣ ስትጠይቂያትም ትመልሳለች። ሰውየውም እኮ ያደረገው ይህንኑ ነው። ያለውን በሙሉ ገለበጠ፣ አንድ በአንድም አመሳከረ። በሥራው ሰነፍ አልነበረም፤ አንቺም ሰነፍ አይደለሽም። ከአንቺ ወደ እሷ መተላለፉን ያላወቅነው ግን ደብተር ላይ የማይጻፈው ነው። እናቲቱ ስትጮኽ፣ ሕፃኑ በእግሩ ሲመጣ፣ ዘመድ በር ላይ ሲያለቅስ፣ ያኔ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ የሚጀምርበት ነገር አለ። ስሙን አንቺም አታውቂውም፤ ስለማታውቂውም አልጻፍሽውም። እሷ ጋ ይኑር አይኑር አንቺ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። የሚያሳዝነው እሷም አታውቅም። ጥያቄ ስለመለሰች አለኝ ብላ ታስባለች።

በሰላም ብሄድ ጥፋት ይሆንብኛል ወይ አልሽኝ። መሄድሽ ጥፋት አይሆንብሽም። ሳትሞክሪያት ብትሄጂ ግን ጥፋት ይሆንብሻል። ጥፋቱ ደግሞ በአንቺ ላይ አይወድቅም፤ በአንዲት ስሟን በማታውቂያት ወላድ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔ «ጎበዝ» ብዬው ወጥቼ ነበር፤ አንቺንም ጎበዝ ብዬ አልሸኝሽም።

አንድ ወር አለሽ። በዚህ ወር ውስጥ የሚመጣውን ምጥ እሷ ትያዘው፤ ቀላሉን ብቻ ሳይሆን ከባዱንም። አንቺ እዚያው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁሚ። እጅሽ ይበላሻል፤ አትንኪ። አፍሽ ይከፈታል፤ ዝጊው። ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ካላየሽ በቀር ከቦታሽ አትነቃነቂ። ብትፈራም ትፍራ፤ ብትዘገይም ትዘግይ። ዋናው ሳይሰነጠቅ ነው ቅጂ የሚሞከረው።

ያን ጊዜ በራሷ ከተነሳች፣ መርቀሻት ሂጂ። ካልተነሳችም አትደንግጪ፤ አንቺ ገና እዚያው ነሽ።